ጀማልን ሌባ ያልኩበት ሳምንት

እሁድ

ሌባ አልኩት። በጠራራ ፀሐይ፣ ሮቤ ጭነት መኪና ተራው መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከቤተ ክርስቲያን እየተመለስኩ ነበር። ጀማል ከመኪናዬ ጎን ተንበርክኮ፣ የጎማ ቱቦ ታንከሩ ውስጥ ከትቶ ናፍታዬን ወደ ጄሪካን ሲቀዳ ደረስኩበት። በእሁድ ቀን፣ ሳይነግረኝ።

ታዲያ ምን ልበል? ሁለት ወር ሙሉ መኪናው የዲንሾን ዳገት ሲጀምር እየጠፋ ነው። ቆጣሪው ሩብ ናፍታ አለ ይላል፤ ሞተሩ ግን ያለቀበት ይመስል ይንፈራገጥና ቀጥ ይላል። ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይቆማል። ናፍታውን እየሸጠ ውሃ ይሞላበታል ብዬ ከጠረጠርኩ ቆይቻለሁ። ዛሬ በዓይኔ አየሁ።

ቁልፉን አምጣ አልኩት፤ ሰጠኝ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል፤ ታደሰ ከሞተ ወዲህም ስምንት ወር ለእኔ ነድቷል። ቢያንስ ወላሂ ብሎ ይምላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም ሲል አመነ ብዬ ያዝኩ። ያም ሆኖ ምሳ አልበላልኝ አለ።

ሰኞ

ሾፌር የለም። ሦስት ሰው ለመንኩ። ዳገት ላይ የሚቆም መኪና ይዞ መንገድ ላይ የሚያድር ማን አለ?

ያለኝ ይኸው ነው፦ የማይሄድ መኪና። ዲንሾ የሚጠብቀኝ የገብስ ጭነት። ጎባ ካለው መሥሪያ ቤቴ ለምኜ ያገኘሁት የአንድ ሳምንት ፈቃድ። መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሁለት እጆች።

ልሽጠው ብል የቆመ መኪና ማን ይገዛኛል። ታደሰ ሲገዛው ይቅርብን ብዬው ነበር። እሱ ሄደ፤ እኔ ከብረቱ ጋር ታስሬ ቀረሁ። በሞተ ሰው መቆጣት ነውር ከሆነ ይሁን፣ ተቆጥቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ አስጎትቼ ጋሽ ንጉሤ ጋራዥ አስገባሁት። ታደሰ ከእሳቸው ሌላ መካኒክ አያምንም ነበር። ብዙ አይናገሩም፣ ሲናገሩም ለመኪናው እንጂ ለሰው የሚናገሩ አይመስሉም። ፊልትሮውን ፈትተው አሳዩኝ። ከውስጡ የወጣው የቡና አተላ ይመስላል፤ ውሃም አለው። ማደያ ሲደርቅ በጄሪካን የምንገዛው ናፍታ ጉድ ይኸው ነው አሉኝ። ታንከሩ ይወርዳል አሉ።

ስለ ጀማል ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ማክሰኞ

ታንከሩ ወረደ። ከአናቱ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ቧንቧ አለው፤ ሞተሩ ናፍታውን የሚመጠው በዚያ ነው። ጋሽ ንጉሤ ቧንቧውን መዘው ሲያወጡት ጫፉ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ተንጠልጥሏል፣ ከጎማ ከመነዳሪ በተቀደደ ላስቲክ ጥርቅም ተደርጎ የታሰረ። ፈትተው በቤንዚን አጠቡት። ቡናማ ስቶኪንግ ነው። ተረከዙ ላይ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል።

አረንጓዴው ክር የእኔ ነው። ቡናማ አጥቼ የሰፋሁት። አምና ታደሰ ቆሻሻ ናፍታ ሸጡልኝ እያለ ሲማረር፣ እናቴ ማር የምታጠልለው በዚህ ነው፣ እንካ ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከጄሪካን ሲገለብጥ እንዲያጠልልበት ነበር። እሱ ብልሃት የጨመረ መስሎት ታንከሩ ውስጥ አሰረው።

ጋሽ ንጉሤ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ገጥመው አየር እየሳቡ አሳዩኝ። ዳገት ላይ ሞተሩ አጥብቆ ሲስብ፣ ጭቃ የጠገበው ስቶኪንግ ቧንቧው አፍ ላይ ይለጠፋል። ሲያርፍ ይላቀቃል። ሁለት ወር ያንገላታኝ ይኼ ነው።

ቢሆንም ጀማል ናፍታ እየቀዳ ነበር። ይኼን አጥብቄ ይዣለሁ። እሱንም ከለቀቅኩ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ረቡዕ

ለቀቅኩት።

ጋሽ ንጉሤ አዲሱን ቧንቧ ዛሬ ሠሩ። ከታንከሩ ወለል አንድ ጣት ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ዝቃጩን እንዳይመጥ። ጫፉ ላይ ወንፊት ያስፈልገዋል ሲሉ ከመደርደሪያቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወረዱ። በቧንቧው ልክ ተቆርጦ ያለቀ የነሐስ ወንፊት።

መቼ ሠሩት አልኳቸው።

«ቅዳሜ። ጀማል ነው ያዘዘኝ። እሁድ ታንከሩን አጉድዬ ጨርቁን አውጥቼ ይኼን እተካለሁ አለኝ። ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።»

ጄሪካኑ ለዚያ ነበር። ሰኞ ለምን ዝም አሉኝ ብዬ ጮህኩባቸው። መሐላ ነው አሉ፤ ጨርቁን ራስሽ እስክታዪው ጠበቅኩ አሉ።

ጀማልን እህል መጋዘን በር ላይ ጆንያ ተሸክሞ አገኘሁት። ናፍታ ሌባ የተባለ ሾፌር ሮቤ ውስጥ መሪ የሚሰጠው የለም። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፣ ጀርባው ላይ ኩንታል። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ጆንያውን አውርዶ አቧራውን አራገፈ።

«ያሰረው ጋሽ ታደሰ ነው፣ እኔም ዘግይቼ ነው ትዝ ያለኝ። መኪናዎን ያቆመው ባለቤትዎ ነው ልበልዎት? በእኛ ዘንድ የሞተን ሰው ጥፋት አንቆጥርም። እሱ ስለ ራሱ መናገር አይችልም።»

«አንተስ ስለ ራስህ አትናገርም?»

«እርስዎ መቼ ጠየቁኝ፣ እትዬ? ሌባ ነው ያሉኝ።»

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ዙሪያውን አየ። ሌባ ሲሉኝ ሰው ነበር፣ አሁን ማንም የለም አለኝ። ሰው ፊት ሲናገሩ ደግሞ የጋሽ ታደሰን ስም እንዳያነሱ ብሎ ጆንያውን ተሸከመ።

ሐሙስ

በረዶ ቀላቅሎ ሲዘንብ ዋለ። ከቤት አልወጣሁም።

ታደሰን ካላነሳሁ ምን ብዬ ነው የማስረዳው? ተሳስቼ ነው ብል ሾፌር ቸግሯት ነው ይላሉ። እውነቱን ብናገር ጀማል ስሙን ሰጥቶ የሸፈነውን ልገልጥ ነው። በየትም ዞሬ መውጫ የለኝም። ሮቤ ጠበበችኝ። ወደ ገበያ ብወጣ መኪና ተራው፣ ወደ ጎባ ሚኒባስ ብሄድ መኪና ተራው። ጎባ እህቴ ጋ ገብቼ ልቅር ሁሉ አልኩ። እዚያም ሾፌሮቹ በየቀኑ ይመጣሉ።

መስታወት ፊት ቆሜ ንግግር ተለማመድኩ። አሳፈረኝ፣ ተውኩት።

ጋሽ ንጉሤ ደወሉ። ከስሩ የመስታወት ኩባያ ያለው፣ ውሃውን ለይቶ የሚያስቀር ተጨማሪ ፊልትሮ ገጥመዋል። የታንከሩ ወለል ላይም ዝቃጭ ማስወጫ ቡሎን ሠርተውለታል። ሞተሩ ተነሳ አሉኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሾፌሮቹ ተራው ላይ ሻይ ሲይዙ ጠብቄ ሄድኩ። ጀማል ከግንቡ ሥር ተቀምጧል።

እሁድ እዚህ ቆሜ ጀማልን ሌባ ብዬዋለሁ፣ ዋሽቻለሁ አልኩ። መኪናውን ያቆመው ታንከሩ ውስጥ የገባ ስቶኪንግ ነው፤ ስቶኪንጉ የእኔ ነው፤ ናፍታ በሱ ይጠለል ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ጀማል ሊያወጣልኝ ነበር አልኩ። አንዱም ቃል ውሸት የለበትም።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጆሯቸው የደከመ አዛውንት «ማል ጄቴ?» አሉ። ምን አለች ማለታቸው ነው። ማንም አልተረጎመላቸውም። ሁሉም እኔን ያያል። በኦሮምኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገምኩት። ስቶኪንግ የሚለው ላይ ስደርስ ሳቁ ፈነዳ። አንዱ እትዬ ስቶኪንግ አለኝ፤ ይኼ ስም ከእንግዲህ አይለቀኝም።

ጀማል አልሳቀም። ሻዩን ጨርሶ ተነሳና «ነገ ዲንሾ በስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። በአሥራ ሁለት አልኩት። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

አብሬው ሄድኩ። ሆን ብለን ከሩብ በታች በሆነ ናፍታ ወጣን፤ መፈተን ካለበት ዛሬ ይፈተን ብለን። ዳገቱ ጀመረ። የሚቆምበት ቦታ ደረስን፣ አለፍነው። ሁለተኛውንም አለፍን። ጉም ነበር፣ በጉሙ መሃል ሞተሩ ሳያንገራግር ወጣ።

ዲንሾ ገብሱ እስኪጫን ጀማል ወርዶ የፊልትሮውን ኩባያ ፈታና አሳየኝ። ግማሽ ጣት የሚሆን ውሃ፣ ከሥሩ ጥቁር ደቃቅ። ይኼ ሁሉ ሞተሩ ሊገባ ነበር አለኝ። ውሃውን ደፍቶ፣ ኩባያውን ጠርጎ መልሶ ገጠመ።

ይቅር ብለኸኛል ወይ አልኩት። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ገና ነው፣ እትዬ። ሰኞ ግን የጎሮ ጭነት ተገኝቷል፣ በጠዋት እነሳለሁ።»

እሺ አልኩት። ወደ ጋቢናው ወጥቼ ጭነቱ እስኪያልቅ ጠበቅኩ።