ከአሮጌ በር የተሠራ አልጋ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤ እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ እታለም? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽንስ ያ ሳል ተዋቸው? መንትዮቹ አሁንም እየተናጩ ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ። የቀረው ነገሬ የት እንደገባ አላውቅም።

ባለፈው በስልክ «እናትህ ሞታ አንዲት እንባ እንኳ አላወጣህም፤ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ?» ብለሽኝ ነበር። መርዶዋን በሰማሁ ማግስት ሥራ ገብቼ ሰው የጣለውን ሶፋና ፍራሽ መኪና ላይ ስጭን ዋልኩ። እውነትሽን ነው፣ እንባ ጠብ አላለኝም።

ከሚጣል ዕቃ ቅርጽ እንደምሠራ መቼስ ታውቂያለሽ። ሹፌራችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ይስቅብኛል፤ ደህና ነገር ሲያገኝ ግን ራሱ ነው የሚያስቀርልኝ። አሁን አንድ የሥዕል አዳራሽ ጥግ ስለሰጠኝ የእማዬን ክፍል እየሠራሁ ነው። አልጋዋን ከሁለት አሮጌ በሮች ገጣጠምኩት፤ እጀታዎቹን አልነቀልኩም። ብርድ ልብሷን ካለቀ የሥራ ጓንት ሰፋሁት። መስኮቷ የተሰነጠቀ የፍሪጅ መደርደሪያ መስታወት ነው። እሷን ራሷን ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጠምዝዤ፣ የተጣለ ሹራብ ተርትሬ በክሩ ጠቀለልኳት። እጄ ሲሠራ ይውላል፤ እኔ ግን የለሁበትም። የማላውቃትን ሴት አልጋ የምሠራ ነው የሚመስለኝ።

ላስተኛት ስል ግን እጄም ቆመ። ፊቷን ወደ ግድግዳው ነበር የምታዞረው ወይስ ወደ እኛ? ሹፌሩ «በጀርባዋ አንጋልላትና ተገላገል፤ ማን ያውቅብሃል?» አለኝ። እኔስ መች አወቅኩ፣ እታለም! እዚያው ክፍል ውስጥ አድጌ አንድ ቀን እንኳ ከእሷ በኋላ ተኝቼ፣ ከእሷ በፊት ነቅቼ አላውቅም። እናቴን ተኝታ አይቻት አላውቅም። ይሄ ሲገባኝ እዚያው አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። አሁንም አላለቀስኩም፤ ወረቀት ፈልጌ ግን ይህን ልጽፍልሽ ጀመርኩ።

ያስታመምሻት አንቺ ነሽና ፊቷን ወዴት አዙራ ትተኛ እንደነበር ንገሪኝ። በስልክ አይሁን፤ አንቺ ስታለቅሺ እኔ በደረቅ ዓይን ስሰማሽ ነገሩ አያምርብንም። ጻፊልኝ።

ባለቤትሽን ሰላም በያቸው። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ መንትዮቹን ቆንጠጥ አድርገሽ ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን «ያስተማሩኝ መርፌ ለጓንት ሆነ» በያቸው፤ ይስቃሉ። የእማዬን የአንገት ሽቦ መልስሽ እስኪመጣ አላጠበቅኩትም። እስከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ አድርጌያታለሁ፤ እኔ የማውቃት እንደዚያ ነው።

ወንድምሽ

ከዕቃ ማከማቻው ጓሮ፣ እሑድ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን