ያልተቃጠለው ካርድ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያቺ ሰው ስታናግር እንኳ የማትለቃት ኪቦርድህ ደህና ናት? እኛ በሕይወት አለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። በወረቀት የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ። በስልክ ስናወራ አንድ ነገር ተናግሬ ሳልጨርስ ‹‹ቆይ እታለም፣ እሱን ተይውና ይህን ተጫኚ›› ስለምትለኝ ነው። ወረቀት ላይ አታቋርጠኝም።

የአባባን ኮምፒውተር ነገር መቼም ታውቃለህ። ባለፈው እረፍት የመጣህ ጊዜ ያንን አሮጌ ሲፒዩ ከየት እንዳመጣኸው እንጃ፣ ሳሎኑ ጥግ ገትረህ፣ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚሉትን ጭነህ፣ ‹‹ቫይረስ የማይነካው፣ ሕፃን ልጅ የሚነዳው›› ብለህ አስመርቀኸን ሄድክ። ዋይፋይ የሚባል ስለማያውቅ ኬብል ከግድግዳው ድረስ ዘረጋህለት፤ እኔም ቤት በጠረግኩ ቁጥር እየተደናቀፍኩበት አለሁ። በየእሑዱ እየተያየን እናወራለን ተባለ። አባባ እሑድ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ ገና ሳትደውል ወንበሩ ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። አንተ ደግሞ እያወራህ ሥራህን ትጽፋለህ። የማናይ ይመስልሃል። ዓይንህ ወደ ጎን ሲሸሽ፣ ጣትህ ሲንጣጣ፣ ‹‹እሺ፣ እሺ፣ በጣም ጥሩ›› ስትል አባባ ዝም ብለው ይጠብቁሃል። ዕድሜ ልካቸውን የስልክ መስመር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በወዲያኛው ጫፍ ሰው መኖር አለመኖሩ አይጠፋቸውም።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ መስመር የለኝም አለ። ደወልኩልህ። ‹‹ኬብሉን በደንብ አልሰካሽውም›› አልከኝ። ነቅዬ ሰካሁ። መብራቱ ይበራል ወይ አልከኝ። መሰኪያው ጋ ያለችው አረንጓዴ መብራት ድርግም ብላ ጠፍታለች አልኩህ። ሌላ ኬብል ሞክሪ አልክ፤ ከሰው ተውሼ ሞከርኩ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጥቁሩን መስኮት አስከፍተህ የማላውቀውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል አስጻፍከኝ። የድምፁ ክፍል መጣ፣ የስክሪኑ መጣ፣ ሁሉም ስሙ ተዘርዝሮ መጣ፤ ኬብሉ የሚሰካበት የኔትወርክ ካርድ ግን ጭራሽ እንዳልተፈጠረ ነው። ደግመሽ አንብቢ፣ ደግመሽ አንብቢ አልከኝ፤ ልክ እኔ ደብቄው እንደያዝኩ ሁሉ። መጨረሻ ላይ ‹‹ሊኑክስ በራሱ ጊዜ አይበላሽም፤ ሰው ነክቶታል›› አልክ። የነካሁት እኔ መሆኔ ነው። አባባን ከማለብስና ከማጎርስበት የተረፈኝን ጊዜ ያንተን ካርድ ስጎረጉር የማሳልፍ መስሎህ!

ቀጥለህ ባለሙያ ጥሪ አልክ። ጠራሁ። ሰፈሩ ‹‹ዶክተር›› የሚለው ጠጋኝ መጣ። ገና ክዳኑን ሳይፈታ፣ ጆሮውን ሲፒዩው ላይ ለጥፎ ‹‹ተቃጥሏል›› አለ። ምኑ? ስለው ‹‹ውስጡ›› አለኝ። ሊኑክስ መሆኑን ሲያይማ ፊቱን እንደ ለቅሶ ቤት ጥሎ ‹‹ይሄ የደህና ሰው ሥራ አይደለም፤ ጠራርጌ ሌላ ልጫንልሽ›› አለ። በሩን አሳየሁት። ብትገናኙ ትዋደዱ ነበር። ሁለታችሁም ሳታዩ ታውቃላችሁ።

ከዚያ በኋላ አንተም ተውከው። ‹‹ስመጣ አየዋለሁ›› አልክ። ድምፅህ ውስጥ እፎይታ ነበረበት፤ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽህም።

ባለፈው ማክሰኞ ታዲያ ከምሳ በኋላ፣ አባባ ጋደም ባሉበት፣ እልህ ያዘኝ። ሊኑክሱን ስትጭን፣ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት አንድ ቁልፍ ደጋግመህ እየመታህ የምትገባበት ሰማያዊ ገጽ ነበር። ታግዬ ገባሁ። መስመር በመስመር ስወርድ የኔትወርክ ካርዱ አጠገብ ‹‹ዲሴብልድ››፣ ተዘግቷል፣ ይላል። አልተቃጠለም፣ ድራይቨር የሚሉት ማሠሪያ ፕሮግራምም አላጣም፤ ሰው በእጁ ዘግቶታል። ከፈትኩት። ማሽኑ ሲነሣ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለች፤ ካርዱም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ስሙን ይዞ ከተፍ አለ። በደስታ አጨብጭቤ ዞር ስል፣ አባባ በቀኝ እጃቸው የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል። አሁን ሁሉን የሚሠሩት በዚያች እጅ ነው።

‹‹ዝጊው›› አሉኝ። ቃሉ እየተጎተተ ነው የወጣው፤ ግን ትእዛዝ ነበር። እርስዎ ነዎት እንዴ? አልኳቸው። ‹‹ልጁ ሲሠራ አይቼ ነው›› አሉኝ፣ በአፋቸው በአንዱ ጎን ፈገግ ብለው።

ያንን የመጨረሻውን እሑድ አስታውስ። አታስታውሰውም፤ እኔ ልንገርህ። በዚያ ሳምንት አባባ መታጠቢያ ቤት ወድቀው፣ ሐኪም ቤት አድረን ተመልሰን ነበር። ልደውልልህ ስል ‹‹አትንገሪው፤ ዓይን አለው፣ ያየዋል›› አሉኝ። እሑድ ጠዋት ኮታቸውን ሳለብሳቸው ግራ እጃቸው እጅጌው ውስጥ አልገባ ብሎን ታገልን። ቢቀርስ? ብላቸው ልጄ ይጠብቀኛል አሉ። መስታወቱን ከሳሎን አንሥቼ ደብቄባቸው ነበር፤ ያቺን የራሳችን ምስል የምትታይባትን የስክሪኑን ጥግ ግን አላሰብኳትም። ፊታቸውን መጀመሪያ ያዩት እዚያ ነው፤ ግራ ጉንጫቸው ወርዶ፣ ከንፈራቸው ተንጋዶ። አንተ ቀና ሳትል ‹‹አባባ፣ ዛሬ አምሮብዎታል!›› አልካቸውና መጻፍህን ቀጠልክ። አልመለሱልህም። አለመመለሳቸውንም አላወቅክም። እኔ ከኋላቸው ቆሜ፣ አሁን ያያል፣ አሁን ያያል እያልኩ እጠብቅህ ነበር።

በማግስቱ መስመሩ ጠፋ።

እንዳዘዙኝ መልሼ ዘጋሁት። ስለዚህ ከእንግዲህ ይህን ጻፊ፣ ያንን ንቀዪ እንዳትለኝ። ካርዱ ጤነኛ ነው።

ትናንት ሐኪሙ እኛ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር። ያለኝን እዚህ ላይ አልጽፈውም። አባባ ጢማቸውን በየጠዋቱ እንድላጫቸው ይፈልጋሉ፤ ሰው ሊመጣ ይችላል ይላሉ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

በሩን ዘግተን ብታጣን ቁልፉ ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነው። የትኛው ሆስፒታል ውስጥ እንደሆንን እሷ ትነግርሃለች።

ፈጣሪ መንገድህን ያሳጥርልህ፤ ዓይንህንም ይግለጥልህ።

ታላቅ እህትህ