ከፊልሙ ላይ የቆረጥከው

እሑድ፣ ሰኔ 9 ቀን

ለልጄ አባት፣

ጤናህን እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። «ልመለስ ወይ?» ያልክበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ልኮራብህ ፈልጌ አይደለም።

ትናንት ያ ሲኒማ ቤታችን የጊታረኛውን ፊልም መልሶ አሳየ። እኔ ታች ትኬት ስሸጥ፣ አንተ ላይ ማሽኑን ስታዞር፣ ስንቴ አየነው! ዘፈኖቹን ዛሬም በቃሌ እወጣቸዋለሁ። «የወጣትነታችንን ፊልም ላሳይሽ» ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ልጃችንን ይዤ ሄድኩ።

ምን ልበልህ፣ አፈርኩ። ያ ልቤን ያጠፋው ጊታረኛ ጸጉሩን እያራገፈ ሲጮህ ጥርሱን ያመመው ይመስላል። ሚስቱን በጥፊ ሲላት ድሮ አዳራሹ በፉጨት ይናጥ ነበር፤ እኔም አፏጭቻለሁ። ትናንት ትንፍሽ ያለ የለም። ልጅህ ዞር ብላ «እማዬ፣ ይሄን ነው የወደዳችሁት?» አለችኝ።

ከዚያ የማላውቀው ዘፈን መጣ። ጊታረኛው በሞተር ሳይክሉ ከሄደ በኋላ ሚስቱ ሕፃኗን አቅፋ፣ ወጥ ቤት ቆማ፣ ነገ ሥራ ስገባ ልጄን ማን ይይዝልኛል እያለች ትዘፍናለች። አራት ደቂቃ ሙሉ፣ ያለ ምንም ጊታር። አሁን የጨመሩት መስሎኝ ረዳትህ የነበረውን ሰውዬ በር ላይ ይዤ ጠየቅኩት።

«ኧረ ድሮም ነበረች! ባልሽ ነው የቆረጣት። ‹ሰው ያዛጋል፣ ሁለተኛውን ዙርም ታዘገይብኛለች› ብሎ» አለኝ እየሳቀ።

ለካ አንተ ባሳየኸን ፊልም ሰውዬው ይሄዳል፣ ይጨበጨባል፣ መብራት ይበራል፤ በቃ። አንተም ማሽኑንም እኛንም ትተህ ከአንድ የሙዚቃ ባንድ ጋር ስትሄድ እንደዚያ ያለቀ መስሎህ ነበር። እኔ ግን ልጅህ በኩፍኝ ስትነድ በአንድ እጄ አቅፌ በሌላው ትኬት ሸጫለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተቆጥቼብሃለሁ፤ አሁንም አልበረደልኝም።

አትምጣ። ልጅህን ማየት ከፈለግክ ለራሷ ጻፍላት፤ ትልቅ ሰው ናት፣ መልሱን ታውቅበታለች።

ደረትህን ከብርድ ጠብቅ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

የልጅህ እናት

እስከ ትናንት ድረስ ሦስት ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር። ዛሬ ጠዋት ቀደድኳቸው። ሦስቱም «ና» ይሉ ነበር።