ዘርኡ የመን አልገባም

ለእህቴ ለደብሪቱ፣ ኮረም።

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ ብርዱ በረታበት? የእኔን የጠየቅሽ እንደሆነ፣ ጆሮዬ ደነቆረ እንጂ ከአፍንጮ በር እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ዛሬም ያለ ምርኩዝ እወርዳለሁ። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ፤ የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ አቶ ወርቅአፈራሁ ነው። ደበሳይ፣ ይህንስ ሄደህ በአካል ንገራት ይለኛል። አንተ ዝም ብለህ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ልጅሽ ምብራት አባቷን ፍለጋ በጀልባ ወደ የመን ልትሻገር ነው ብለሽ ልከሽብኛል። ያዣት! ባልሽ ዘርኡ የመን አልገባም። በሌላ መርከብ ሸሽቷል ያልኩሽ የእኔ ውሸት ነው።

ተዋጊ መርከባችን ባሕር ላይ የቆየችው ስምንት ወር ነው። ሰኔ ሰማንያ አንድ ምፅዋ ላይ ተረከብናት፣ የካቲት ሰማንያ ሁለት ሰጠመች። ስምንት ወር ምን አላት አትበይ፤ የፊት መድፏ ተኳሽ እኔ ነበርኩ፣ ሁለት ጀልባ አስጥሜባታለሁ። ዘርኡንም አጠገቤ ይሁን ብዬ ከእግረኛ ጦር ጥይት አቀባይ አድርጌ ያስመጣሁት እኔው ነኝ።

በመጨረሻዋ ቀን ጠዋት ከየብስ መድፍ ዘነበብን። የመጀመሪያው አዛዡን ከወገቡ ቆረጠው። ሁለተኛው ከመድፌ ሥር አራት ልጆች ጠራረገ፤ ደማቸው አንሸራቶ ጣለኝ። ዘርኡ የምሽግ ሰው አይደል? መድፍ ሲመጣ ጉድጓድ ግባ ተብሎ ነው የተማረው፤ ሮጦ ወደ ሞተሩ ክፍል ወረደ። መርከብ ላይ ታች መውረድ መቃብር መግባት ነው፤ ይህን ሳልነግረው ቀርቼ ነበር። ሦስተኛው የመርከቧን ሆድ ቀደደው። ውሃው ገነፈለ፤ ምክትል አዛዡ የብረቱን በር ዝጋ አለኝ፤ ዘጋሁ። ዘርኡ ከውስጥ በጡጫ ደበደበው፤ ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈት እያለ። መያዣውን በሁለት እጄ ጨብጬ ድምፁ እስኪጠፋ ቆምኩ።

ያ በር መርከቧን ግማሽ ሰዓት አቆያት፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት አሥራ አንዳችን በሕይወት ወጣን። ዛሬም ቢሆን እዘጋዋለሁ። መድፍ ያልፈራሁት ሰውዬ ግን ያንቺን ዓይን ፈርቼ ዋሸሁ።

እርገሚኝ፤ ልጅቷን ግን አስቀሪ። ፍትሐትም አስደርጊለት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ስሙ ከሕያዋን ጋር ተጠርቷል፣ ከእንግዲህ ከሙታን ጋር ይጠራ።

ለጎረቤቶችሽ ሁሉ ሰላም በይልኝ። የዘርኡን ወንድም አጽብሐን፣ የወንድምህን ደም ከደበሳይ እጅ የምትፈልግ ከሆነ ቤቱን ታውቀዋለህ በይው። ደብዳቤውን ምብራት ራሷ ታንብብልሽ። ለእሷ ሰላምታ አልልክም፤ ይህን አንብባ ከወደደች እሷ ትላክልኝ።

ወንድምሽ ደበሳይ
አዲስ አበባ፣ አራዳ፣ አፍንጮ በር
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.