የአቶ ሳህሌ የእሁድ ዙር

አርብ፣ ጥር 1

ከሥራ ገባሁ፤ አቧራ ለብሼ። ቃሊቲ ጉምሩክ የዋለ ሰው እንደ እኔ ዕቃ አስወጪ ትራንዚተር ይሁን የወፍጮ ቤት ሠራተኛ በመልኩ አይለይም። አንዲት ኮንቴይነር ለማስወጣት ሙሉ ቀን... ከዚያ ደግሞ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ። ቆሜ ቆሜ እግሬ ዛለ። እራት ፍርፍር። ቲቪ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

ይሄን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ላለመጻፍ ነው። እሁድ ሽማግሌ ይሄዳል። ፈርቻለሁ! ከማህሌት ጋር ሁለት ዓመት አለፈን፤ አባቷን አቶ ሳህሌን ግን ከሩቅ እንጂ ቀርቤ አላየኋቸውም። ጡረታ የወጡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ናቸው። እናቷ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። "አባዬ ቅር ብሎት አላገባም" ብላኛለች፣ ቁርጥ አድርጋ። እሳቸው እምቢ ካሉ... አላስበውም። ልተኛ።

እሁድ፣ ጥር 3

ጉድ ፈላ!

አጎቴ ጋሽ ፀሐዩ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ጠዋት አቃቂ ሄዱ። አቶ ሳህሌ ቤት የሉም። እሁድ እሁድ ከማህሌት ጋር ሳይክል ይነዳሉ፤ ዛሬ እሷ "አሞኛል" ብላ ቀርታለች። ሽማግሌዎቹ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ሳሎን መሀል እንደቆሙ፣ ሰውየው ሳይክላቸውን እየገፉ፣ ሄልሜት እንዳጠለቁ ከተፍ!

አጎቴ እኔን ማወደስ ጀመሩ። ጨዋ ነው አሉ፤ እሺ። መጠጥ አይነካም አሉ፤ ይሁን። ከዚያ ዓይናቸው ሳይክሉ ላይ አረፈ መሰለኝ...

"ስፖርተኛ ነው! ሳይክል ላይ ከወጣ የሚይዘው የለም!"

እኔ! ሳይክል ነክቼ የማላውቀው!

ሲመለሱ "ምነው ጋሼ?" ብላቸው፣ "ሽማግሌ ሲያመሰግን ትንሽ ጨመር ያደርጋል። ወጥ ያለ ጨው ይበላል እንዴ?" አሉኝ። ይሄ ጨው ነው? በርበሬ ነው እንጂ!

አቶ ሳህሌ ግን ይሄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ አሉ። "ጥር 24 ጠዋት አብሮኝ ይዙር። በሳምንቱ መጥታችሁ መልሳችሁን ትወስዳላችሁ።" ዙሩ ከቤታቸው ተነስቶ በአዲሱ መናፈሻ ያልፋል፣ በወንዙ ዳር መንገድ ይወርድና በገላን ኮንዶሚኒየም በኩል ይመለሳል። ለሚችል ሰው ቀላል ነው አሉ። ለሚችል ሰው...

ሰኞ፣ ጥር 4

ማህሌት ስልክ ላይ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ልትሞት።

"እውነቱን ልንገራቸው" አልኳት። ሳቋ ቆመ።

"አጎትህን ውሸታም ልታስብል? አባዬ እኮ ውሸት አይወድም። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹን ደጃፍ አያደርሳቸውም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"መማር ነዋ!"

"አንቺ አስተምሪኛ።"

"መልስ ሳይሰጥ አብረን ልንታይ? ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል፣ ተው።"

ልክ ናት። ሦስት ሳምንት አለኝ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ! ምን ጉድ ውስጥ ገባሁ?

ረቡዕ፣ ጥር 6

ዚያድ አሮጌ ሳይክል አለው። ከብሎካችን ሥር ሱቅ ያለው የስልጤው ልጅ ነው፤ ዕቃ ያመላልስበታል። ነገሩን ስነግረው ሚዛን ላይ የነበረውን ስኳር ትቶ ሳቀብኝ።

"ሚስት ነው የምታገባው ወይስ ፖስታ ቤት ልትቀጠር?"

ሳቁን ሲጨርስ እሺ አለ። ሱቁን ሳይከፍት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ኮንዶሚኒየሙ ፓርኪንግ ውስጥ። ከኋላ ይዞኝ ይሮጣል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እንወድቃለን። ሁለታችንም! ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ መሰለች በመስኮት ብቅ ብለው፦ "ልጄ፣ ምን አጥፍተህ ነው እንዲህ የሚቀጣህ?"

ሐሙስ፣ ጥር 7

መቀመጥ አልተቻለም። ቢሮ ቆሜ ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ሄድኩ! ብቻዬን! ማንም ሳይዘኝ!

የጥምቀት ማግስት ነውና ሱቁ ዘግይቶ ነው የሚከፈተው፤ ጊዜ አገኘን። ፓርኪንጉን ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ ዞርኩ። በግራ በኩል ክፍት ቦይ ስላለ ዚያድ "ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ታጠፍ" ብሎኛል። እሺ፣ ምን ችግር አለው? ዋናው መሄዱ ነው። እትዬ መሰለች እልል አሉልኝ። ሰው ለካ እንዲህ በትንሽ ነገር ይደሰታል... ለማህሌት ደውዬ ጮህኩባት።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሳይክል ተከራየሁ፤ ማርሽ ያለው። የትኛው ማርሽ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አልነካውም።

ማህሌት መልእክት ላከች፦ "አባዬ የሳይክሉን ካቴና ዘይት ሲቀባ ዋለ። እየዘፈነ።"

እየዘፈነ? ሊፈትነኝ የተዘጋጀ ሰው ለምን ይዘፍናል?

እሁድ፣ ጥር 24

መዳፌ ተላልጧል። ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

ገና ሲነጋ ደረስኩ። አቶ ሳህሌ ቀጠን፣ ረዘም ያሉ ናቸው፤ እጃቸው የመካኒክ እጅ። ጨበጡኝ። "እንግዲህ እንዳትሮጥብኝ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ።" እንዳልሮጥባቸው!

ቀጥ ባለው ላይ ጥሩ ነበርኩ፣ ለራሴ ልመስክር። መናፈሻው ውስጥ ገባን። ሳሩ ገና እርጥብ ነው፤ አትክልተኞቹ ውሃ ያጠጣሉ፣ የሚሮጡ ሰዎች እጅ ይነሱናል። ነፋሱ በሸሚዜ ገብቶ በጀርባዬ ይወጣል። ለአንድ አፍታ ሽምግልናውንም፣ ውሸቱንም፣ ኮንቴይነሩንም ረሳሁ። ለካ ለዚህ ነው የሚነዱት...

ከዚያ የመጀመሪያው ኩርባ መጣ። ወደ ግራ።

ወደ ግራ ታጥፌ አላውቅም! እጄ እምቢ አለ። ወረድኩ፣ ጎንበስ ብዬ የጫማ ክር የማስር መሰልኩ። ሁለተኛው ኩርባ፣ ወደ ግራ። ስልክ የተደወለልኝ መሰልኩ። ሦስተኛውም! የሰውየው ዙር ከአንድ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ነው! እንደገና ጎንበስ።

"ጌዲዮን።"

"አቤት፣ ጋሼ።"

"ጫማህ እኮ ክር የለውም።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ከእንግዲህ አልወርድም አልኩ። አራተኛው ኩርባ ወንዙ ዳር ነው። መንገዱ ወደ ግራ ሄደ፣ እኔ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ሳሩን አለፍኩ፣ ቁጥቋጦውን አለፍኩ፣ ከዚያ ጭቃ። ውሃው ውስጥ አልገባሁም፣ ተመስገን። የአቃቂን ወንዝ ሽታ የሚያውቅ ለምን ተመስገን እንዳልኩ ይገባዋል።

አቶ ሳህሌ ሳይክላቸውን ጥለው ወርደው አነሱኝ። ክንዴን ዳበሱ፣ ጉልበቴን አዩ። ከዚያ አጠገቤ ሳሩ ላይ ቁጭ አሉ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ...

"ማህሌትን ሰባት ዓመቷ ላይ ነው ያስተማርኳት። እናቷ ካረፈች ወዲህ አንድም እሁድ አልፎን አያውቅም። አሁን ትሄዳለች። መሄድም አለባት። ግን ማታ ማታ ጋደም ስል፣ ከማን ጋር ነው የምዞረው እላለሁ። አጎትህ ይነዳል ሲሉኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ!"

ፈተና መስሎኝ ነበር እኮ! ሰውየው ጓደኛ አገኘሁ ብለው ነው። ለዚህ ነው የዘፈኑት። ከጉልበቴ ይልቅ ይሄ አመመኝ።

"ጋሼ፣ መንዳት አልችልም። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሳይክል ነክቼ አላውቅም ነበር። አጎቴ ስለሚወዱኝ ነው የጨመሩት። እኔም ልጅዎን እንዳላጣ ብዬ ዝም አልኩ።"

ወንዙን አዩ።

"ታዲያ እሁድስ?" አሉ ቀስ ብለው።

"ያስተምሩኛ" አልኩ። "ለማህሌት ብዬ አይደለም... ማለቴ፣ ለማህሌትም ብዬ ነው። ግን ቅድም መናፈሻው ውስጥ ደስ ብሎኛል ጋሼ። እውነቴን ነው።"

ሳይክሎቻችንን እየገፋን በገላን በኩል ተመለስን። ደጃፋቸው ላይ "ቁስልህን እጠበው" አሉኝ፣ በቃ። አለቀልኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 28

እህል አልወርድ ብሎኛል። ማህሌት "ምንም አይናገርም፣ ብጠይቀው ዝም" ትላለች። ድምፅዋ ልቅሶ ልቅሶ ይላል።

ለአጎቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ያዙ። "ቢሆንም ቀጠሮ ቀጠሮ ነው፤ እሄዳለሁ። ቢሰድቡኝም የራሴ ጨው ነው" አሉ። አቅፌ ሳምኳቸው።

እሁድ፣ የካቲት 1

ጠዋት ሄዱ። እኔ ዚያድ ሱቅ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስልኬ ላይ አፈጥጣለሁ። ሻይ ቢሰጠኝ ቀዘቀዘ፣ ሌላ ቢሰጠኝ ቀዘቀዘ።

ተደወለ። አጎቴ ናቸው። ቶሎ አይናገሩም እኮ! ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ አቶ ሳህሌ ብድግ አሉ።

"ጋሽ ፀሐዩ፣ ለሌላ ልጅ ሲሄዱ ደግሞ ዋናተኛ ነው እንዳይሉ። ወንዙ ቅርብ ነው፣ ሰው ያልቃል።"

ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። አቶ ሳህሌ ወንበር ሳቡላቸው።

"በሉ ተቀመጡ። ውሸቱን የነገረኝ ልጁ ራሱ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ቁጭ ብሎ። ይሄን ወድጄለታለሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ። እሁድን ግን አልሰጥም።"

"ምን ማለትዎ ነው?" ቢሏቸው፣ "እሁድ ጠዋት ሁለቱም የእኔ ናቸው" አሉ።

ተሰጠችኝ! ጮህኩ መሰለኝ፣ እትዬ መሰለች ሳይነገራቸው እልልታውን ከላይ ለቀቁት። ዚያድ ሱቅ ውስጥ ለነበረው ሰው ሁሉ ከረሜላ በተነ። እኔ አለቀስኩ። ምን ቸገረኝ፣ ማንም አያነበውም፤ አዎ፣ አለቀስኩ!

እሁድ፣ የካቲት 8

ነገ ጾም ይገባል፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ዛሬ ሦስታችንም ወጣን። "አባዬ በለኝ" ብለውኛል፤ ምላሴ ገና አልለመደውም፣ በየመሀሉ "ጋሼ" ይወጣብኛል። ከጎኔ ሆነው ይነዳሉ። "ጎማውን ምን ታየዋለህ? የምትሄድበትን እይ!" "ትከሻህን ልቀቅ፣ ማንም አይቀማህም!" ሁለቴ ወደቅሁ፣ ሁለቴም ሳቁብኝ። እንዲህ የሚስቁ ሰው መሆናቸውን ማን ነገረኝ? ማህሌት "እኔን ሲያስተምረኝ እንዲህ አልታገሠኝም" ብላ አኮረፈች፤ የውሸቷን ነው መሰለኝ። ይሁን አይሁን፣ አልጠየቅሁም።

ወንዙ ዳር ስንደርስ አባዬ ስለ ማርሽ ጀመሩ። ዳገት ላይ ይሄ፣ ቁልቁለት ላይ ያ፣ ካቴናው እንዳይጮህ እንዲህ... እኔም ጥያቄ አበዛሁ። ድንገት ከሩቅ ከኋላችን ጩኸት መጣ፦

"ኧረ ጠብቁኝ! ሙሽራዋ እኮ እኔ ነኝ!"

አባቷ ዞር ብለውም አላዩ። ገና ሦስተኛውን ማርሽ እያስረዱኝ ነበር።