ሐረጎ ላይ የሚያጎነብሰው ወንበር

ደምመላሽ፣
መኪናዋን ደጅ ትቼ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርጃለሁ። ቁርስህ ድስቱ ውስጥ ነው።

ከሌላ መኪና ነቅለህ ከጎኔ የገጠምክልኝን የኤሌክትሪክ ወንበር ማንቀሳቀሻ ሪሌ ከፍሬን መብራት ሽቦ ጋር ነው ያገናኘኸው። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መደገፊያው ወደፊት ይታጠፋል። ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ደግሞ ወላሂ ከላይ እስከ ታች ፍሬን ነው።

ትናንት ለሽምግልና የወሰድኳቸው ሸህ ዓብደላ፣ ኮምቦልቻ የኢክራ አባት ደጅ ስንደርስ ግንባራቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። አባቷ በመስኮት አይተው፣ «እርስዎ እንዲህ ጎንብሰው ከለመኑኝ ምን አፍ አለኝ» ብለው ልጃቸውን ሰጡኝ።

ሸሁ ወገባቸውን ይዘው ዱዓ ላይ ናቸው። ላንተ ይሁን ባንተ ላይ አልጠየቅኩም።

ትናንት በስልክ ከሰደብኩህ ስድብ ግማሹን ተወው።

ሽቦውን እንዳትነካው። እዚሁ ደሴ ያሉት አጎቷ ጋብቻውን እምቢ ብለዋል፤ ለማንም አንገታቸውን ደፍተው አያውቁም። ነገ ሐረጎን በዚያው ወንበር አባቷ ደጅ ድረስ አወርዳቸዋለሁ።

ዑዘይር