የካፕሱሉ ሽፋን

ነሐሴ 13፣ ጧት 1፡00
እታለም የጧቱን ካፕሱል ወሰደች። ምልክት አደረግሁ፤ በቀን ሦስት ነው፣ ይህ ሰባተኛው። ደብተሬ፣ ጓዳ ገብታ ነው የምትወስደው። አጠገቧ ስቆም፣ የተማሪ ስም ጥሪ አደረግኸው ትለኛለች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ትቻት ወጣሁ። የደረቷ ውጋት ቀንሷል። ዝናብ።

ነሐሴ 16፣ ከሰዓት 10፡00
ጾም ተፈታ። ከምሳ በኋላ ካፕሱሉን እፊቴ ዋጠች። ሩብ ሰዓት አልሞላም። ከንፈሯ አበጠ፣ ድምጿ ጠፋ፣ መተንፈስ አቃታት። በጎረቤት ባጃጅ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ። ጭኗን መርፌ ወጓት፤ ተነፈሰች። እዚሁ ታድራለች።

ነሐሴ 17፣ 9፡00
ቤት ገባን። ጤና መኮንኑ መድኃኒቱ አልተስማማትም ብሎ በካርዷ ላይ ጻፈ። ሌላ ሰጣት፤ እሱም ካፕሱል። ነገ ጧት ትጀምራለች። ግን ከዚያው እሽግ አሥራ ስድስት ጊዜ ወስዳ ምንም አልሆነችም። ምልክቶቹን አሳየሁት። አንዳንዴ ዘግይቶ ይመጣል አለ። ሊሆን ይችላል። አልተዋጠልኝም።

ነሐሴ 18፣ ጧት 12፡30
ውሃ ስሰጣት ጠየቅኋት። በጓዳ እንዴት ነበር የምትወስጂው?
አንገቷን ደፋች። «ወንድምዓለም፣ አትቆጣኝ።» ሽፋኑ ከከብት አጥንት ይሠራል ሲባል ሰምታ፣ በጾሙ ዱቄቱን ብቻ በውሃ በጥብጣ ትጠጣ ነበር። ሽፋኑን ምድጃ ውስጥ። ቄሱ ለሕመምተኛ ፈቅደው የለም ወይ አልኋት። «እሳቸው ፈቀዱ፤ እኔ አልፈቀድሁም።» ከነሽፋኑ የዋጠችው ጾም ከፈታች በኋላ፣ ከምሳ በኋላ የወሰደችውን ብቻ ነው።
አምና የልጅ ልጇ ያመጣችላትን ለስላሳ ከረሜላ በልታ ከንፈሯ ማበጡ ትዝ አለኝ። በበርበሬ ነበር ያሳበብነው። የእሽጉን ወረቀት በመነጽር አነበብሁ፤ ሽፋኑ ጀላቲን ነው፣ ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣው። ከረሜላውም ከዚያው እንደሚሠራ አውቃለሁ። የአዲሱም ሽፋን ያው። የጎዳት ዱቄቱ ሳይሆን ሽፋኑ ይመስለኛል።
አሥራ ስድስት ጊዜ «ወሰደች» ብዬ ጻፍሁ። እንዴት እንደወሰደች አንድ ቀን አልጠየቅሁም።
አዲሱ ካፕሱል መዳፏ ላይ ነበር። ያዝሁት። እንደ በፊቱ ከፍቼ ልበጥብጠው አለች። እምቢ አልሁ፤ ግምቴ ልክ ባይሆንስ? በእሷ ጉሮሮ አልሞክርም። «እንደ ተማሪህ ቀጣኸኝ» እያለች ነጠላዋን ለበሰች።
ሁለቱን እሽግ፣ ወረቀቱን፣ አንተንም ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ። መኮንኑ ሳያይ ምንም አትውጥም። ካርዷ ላይም ሽፋኑ ይጻፍ።
ባጃጁ መጣ። የዛሬ ጧቱን ምልክት ባዶ ትቼዋለሁ።